በየበዓሉ ያደገው የወይራ ሜዳ ብሬከር

ሰኞ ማለዳ፣ አዲስ አበባ

ቤቴ ፊት ለፊት ባለው ሰፊ አስፋልት ላይ የእግረኛ መሸጋገሪያ ድልድይ አለ። ደረጃው ይበዛል። ሰኞ ማለዳ ሊነጋጋ ሲል ሻንጣዬን በትከሻዬ አንጠልጥዬ ወጣሁ፤ ደረጃውን ቀና ብዬ አየሁትና እንደ ልማዴ ትቼው በመንገዱ አካፋይ ላይ ዘልዬ ተሻገርኩ። አንድ ሚኒባስ ጥሩምባውን እያንባረቀ በአጠገቤ አለፈ፤ ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ሰባት ትውልዴን ሰደበኝ። እኔም የሱን አላስተረፍኩም። በሻንጣዬ ውስጥ ያለው ደብዳቤ ስለ መንገድ ደኅንነት መሆኑ ያን ጊዜ ትዝም አላለኝ።

የምሠራው ከመንገድ ጋር ጉዳይ ባለው አንድ መሥሪያ ቤት ነው። አሥራ ስድስት ዓመት አገልግያለሁ፤ ግን መንገድን የማውቀው በፋይል ነው። የመስክ ሥራ የሚወደው ባልደረባዬ እህቱን ሊድር ፈቃድ ስለወጣ ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ። ጉዳዩ እንዲህ ነው፦ ከደብረ ማርቆስ ወዲህ፣ በሉማሜና በአምበር መካከል፣ ወይራ ሜዳ የምትባል መንደር ሰዎች ከትምህርት ቤታቸው ፊት ለፊት በዋናው አስፋልት ላይ የራሳቸውን ብሬከር ሠርተዋል። ማንንም አላስፈቀዱም። ሹፌሮች ደጋግመው አቤት ሲሉ «ያለ ፈቃድ የተሠራው ጉብታ ይነሳ» የሚል ደብዳቤ ወጣ። አለቃዬ አልማዝ ወረቀቱን ስትሰጠኝ፣ አስፈርሜ፣ ሲነሳ በዓይኔ አይቼ፣ ፎቶ አንስቼ እንድመለስ ነገረችኝ። እኔም የሦስት ቀን ሽርሽር ከነአበሉ መስሎኝ ደስ እያለኝ ተቀበልኳት።

መናኸሪያው በር ላይ የትራፊክ ፖሊሱ አውቶቡሳችን ውስጥ ገብቶ ሰው ቆጠረ፤ መተላለፊያው ላይ በርጩማ ዘርግተው የተቀመጡ ሁለት ሰዎችን አስወረደና ሁላችንም ቀበቶ እንድናስር አዘዘ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት የቀበቶው መቆለፊያ እምቢ ሲላቸው እንደ መቀነት ዙሪያቸውን ጠምጥመው ቋጠሩት። እኔ ፖሊሱ እስኪወርድ በእጄ ያዝ አድርጌው ቆየሁና ለቀቅኩት። እናትየው አዩኝ።

ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ አባይ በረሃ

ጎሃ ጽዮን ላይ ሹፌራችን ባዩ ወርዶ ጎማውን ሁሉ በእግሩ እየመታ አየ። ቀጭን፣ ጢሙን በደንብ የሚከረክም ሰው ነው፤ በዚህ መንገድ ላይ ሃያ ዓመት ነድቷል። ቁልቁለቱን አውቶቡሱን በከባድ ማርሽ እያስቃሰተ ወረደው። ከኋላችን አንድ የጭነት መኪና ልለፍ ልለፍ እያለ ጥሩምባ ሲነፋ ባዩ በመስታወቱ እያየ «እለፍ፣ ወንድሜ፣ ገደሉም ያንተው ነው» አለና ቦታ ለቀቀለት። መኪናው ግን ሐሳቡን ቀይሮ እስከ ድልድዩ ድረስ በሰላም ተከተለን። ወንዙ የጥቅምት ነው፤ ክረምቱ ያጠገበው ደፈራርሶ ይወርዳል። ዳገቱን ወጥተን ደጀን ስንደርስ ነፋሱ ቀዝቀዝ አለና ሁሉም ሰው መስኮት ዘጋ።

ደጀን ላይ ለምሳ ወረድን። ቅቅል አዘዝኩ፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ብር፣ ሥጋው ግን አጥንቱን ትቶ ሌላ ቦታ የሄደ ይመስል ነበር። ባዩ አምቦ ውኃ ብቻ ጠጣ። ለምን አትበላም ስለው፣ ከዚህ በኋላ አንድ ብሬከር አለ፣ ሆዴን ሞልቼ እሱ ላይ መውጣት አልፈልግም አለኝ። ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ከየትኖራ በኋላ መንገዱ ይዘረጋል። ግራና ቀኙ የጤፍ ማሳ ነው፤ ቢጫ መሆን የጀመረውም ገና ለምለሙም እየተቀላቀለ እስከ ጮቄ ተራራ ግርጌ ይሄዳል። ሉማሜን አልፈን እንቅልፍ ሸለብ ሊያደርገኝ ሲል ባዩ «ያዙ!» አለ። የምይዘው ነገር ሳላገኝ አውቶቡሱ ፊቱን ወደ ሰማይ አነሳ፣ ከሥሩ ብረት በድንጋይ ላይ ሲፋቅ ሰማሁ፣ ቀጥሎ ደግሞ ጭንቅላቴ ከላይ ያለውን የሻንጣ መደርደሪያ አገኘው። ቀበቶዋቸውን የቋጠሩት እናት ከመቀመጫቸው ንቅንቅ አላሉም። የተበተነ ጸጉሬን አይተው «ይሁን እንግዲህ፣ ልጄ፣ አሁን እሰራት» አሉኝ። አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ፤ እኔም የራሴን ጉብታ እያሻሸሁ ቀበቶዬን አሰርኩ።

ባዩ ግን በንዴት ጦፎ ነበር። ይህን ነገር የገነባውን ሰው አንድ ቀን ብቻ ቢያገኘው፣ ዝም ብሎ የሚያየውን መሥሪያ ቤት ሠራተኛም ቢያገኝ፣ ምን ምን እንደሚያደርጋቸው በዝርዝር ነገረን። ሻንጣዬን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። አሥር ሰዓት ላይ ደብረ ማርቆስ ገባን። ፔንሲዮን ይዤ፣ ጭንቅላቴን በቀዝቃዛ ውኃ አጥቤ፣ ነገ ያን ጉብታ እንዴት እንደማስፈርሰው እያሰብኩ በጊዜ ተኛሁ።

ማክሰኞ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ከጠዋቱ

ማርቆስ ላይ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሞልቶ ነበር። ጠጋ ጠጋ አሉና እኔን በሁለት መቀመጫ መካከል ባለች ጣውላ ላይ አስቀመጡኝ። አምበር ልንደርስ ስንል ከፊት የመጣ ሹፌር መብራቱን ሁለት ጊዜ ብልጭ አድርጎ በጣቱ ወደ ኋላ ጠቆመ፤ ትራፊክ አለ ማለቱ ነው። ወዲያው «ትርፎች ጎንበስ!» ተባለ። ማን ነው ትርፉ ብዬ ዞር ዞር ስል ሁሉም ሰው እያየ ያለው እኔን ነው። ምን ላድርግ፣ ጎነበስኩ። አንዲት ሴትዮ ነጠላቸውን ጣል አደረጉብኝ። የመንግሥት ማኅተም ያለበት የመንገድ ደኅንነት ደብዳቤ ይዤ ከትራፊክ ፖሊስ በነጠላ ሥር ተሸሸግኩ፤ ይህን ለአልማዝ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

ወይራ ሜዳ ስወርድ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ያን ዕለት የሚካኤል በዓል ነው፤ ማሳ ላይ አንድም ጥማድ የለም። ሰዉ ግን ነጭ በነጭ ለብሶ በባሬላ ድንጋይ ይሸከማል። ከብሬከሩ ጥግ ያቆለሉት አዲስ ድንጋይ ወገቤ ይደርሳል። ሊያሳድጉት ነው!

ማን እንደሆንኩ ስናገር አንድ ሽማግሌ ፊታቸው በራ። አያ ሽባባው ይባላሉ፤ ረጅም፣ ደረቅ ያሉ፣ የመንደሩ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ የሚያያቸው ገበሬ ናቸው። ለካስ ከወራት በፊት የትምህርት ቤት ምልክት እንዲተከልላቸው ማመልከቻ ጽፈው ነበር። እኔን ያ ማመልከቻ ያመጣኝ መስሏቸው እጄን ይዘው እስከ ሚካኤል ጽዋ ማኅበሩ ድንኳን ወሰዱኝ። ወንበር መጣ፣ ጠላ መጣ፣ ዳቦው ተቆረሰ፤ እንግዳው ከአዲስ አበባ ድረስ ሊያየን መጣ እየተባለ በየተራ ተመረቅሁ። ደብዳቤውን ላወጣ ሁለት ጊዜ እጄን ወደ ሻንጣዬ ሰደድኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ቁራሽ ዳቦ አስያዙኝ።

አያ ሽባባው የብሬከሩን ታሪክ የነገሩኝ እዚያው ተቀምጠን ነው። ባለፈው ግንቦት የልጅ ልጃቸው ትርንጎ ከትምህርት ቤት ወጥታ ስትሻገር የጭነት መኪና ገጫት። ሹፌሩ ራሱ እያለቀሰ ሆስፒታል አደረሳት። እግሯ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር። በሳምንቱ የሚካኤል በዓል ዋለ። በበዓል እርሻ አይነካም፤ ቄስ ይግዛው፣ የደብሩ አገልጋይ፣ ለነፍስ ማዳን ከሆነ ድንጋይ መሸከም ይፈቀዳል ስላሉ ወጥተው የመጀመሪያውን የድንጋይ ድርድር ሠሩ። መኪናው ትንሽ ቀነሰ። ሰኔ በማርያም ሥራ ስለሌለ ሌላ ድርድር ጨመሩ። ሐምሌ በገብርኤል ደግሞ የገብርኤል ማኅበርተኞች እኛስ ከማን እናንሳለን ብለው የራሳቸውን ደረቡ። ከዚያ ዝናቡ በረታና ቆመ። እነሆ ዛሬ የሚካኤል ተራ ተመልሶ መጣ። ጎጃም ውስጥ በወር ውስጥ ስንት በዓል እንዳለ የሚያውቅ ሰው ይህ ጉብታ ለምን ጮቄን እንዳላከለ ይገርመዋል።

ትርንጎ እዚያው አያቷ አጠገብ ተቀምጣ ትሰማለች። አሥር ዓመቷ ነው፤ ግራ እግሯን ትንሽ ትጎትታለች፣ አፏ ግን ምንም አልሆነም። አዲስ አበባ ስላለው መንገድ ስትጠይቀኝ ቆየችና፣

«እርስዎስ፣ ጋሼ፣ ቤትዎ ጋ መንገዱን በምን ነው የሚሻገሩት?» አለችኝ።

«በድልድይ ነዋ!» አልኳት።

«ደረጃው ስንት ነው?»

«ሃያ» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት እኔም አላውቅም። አያቷ አየሽ፣ የተማረ ሰው እንዲህ ነው አሏት። ዳቦውን አስቀመጥኩ። አሥራ ስድስት ዓመት ከዚያ ድልድይ ሥር ስኖር አንድ ቀን እንኳ አልወጣሁበትም፤ ያውም እግሯን መኪና ለሰበረባት ልጅ ዋሸሁ።

ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም። ተነሳሁና ደብዳቤውን አወጣሁ፤ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ድምፄ እየሰለለ ሄደ። ያቀረቡልኝን ጠላ መልሶ የወሰደብኝ ሰው የለም፤ እሱ ነው የባሰብኝ። የተናገሩት አያ ሽባባው ናቸው።

«መንግሥት አንሱ ካለ እናነሳለን፣ ልጄ። ነገ ጠዋት ልጆቹን ማን እንደሚያሻግራቸው ብቻ ንገረኝ። አንተ ትቆምልናለህ?»

ሜትሬን ይዤ ወጣሁና ብሬከሩን ለካሁት፤ ከፍታው መመሪያው ከሚፈቅደው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። የሁለቱ ወገን እውነት ያን ጊዜ ታየኝ። እንዲህ ከፍ ብሎ ቢቆይ አንድ ቀን አውቶቡስ ይገለብጣል፣ ባዩ የተናደደው በከንቱ አይደለም። ጠቅላላ ቢነሳ ደግሞ የነገው ትርንጎ ማን እንደሚሆን አላውቅም። ደረጃውን የጠበቀ ብሬከር ግን ትምህርት ቤት ፊት እንዲኖር መመሪያው ራሱ ይላል፤ በገዛ እጄ ስንት ጊዜ ፎቶ ኮፒ አድርጌዋለሁ።

ለአልማዝ ደወልኩ። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት፤ ከነጠላው በቀር። ዝቅ አድርገን፣ ቀለም ቀብተን፣ ምልክት አቁመን ፈቃዱን ብንሰጣቸውስ አልኳት።

«ጽፈህ በስምህ ትፈርማለህ?» አለች።

አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው እያስፈረምኩ ነው የኖርኩት። ብሬከሩ አንድ ጥፋት ቢያመጣ የሚጠየቀው እኔ ነኝ። ከድንኳኑ ደጃፍ ላይ ትርንጎ እያየችኝ ነበር። አልማዝን እፈርማለሁ አልኳት፤ እሷም ማርቆስ ላሉት ሰዎች ደውላ ምልክቱን በዚህ ሳምንት እንደምታስልክ ቃል ገባችልኝ።

ሥራው በዚህ አለቀ ብዬ ነበር፤ ሞኝ ነኝ። ሁለት ድርድር ይነሳ ስል ጉድ ፈላ። የማርያምን ድርድር ማን ደፍሮ ይነቅላል? የገብርኤል ማኅበርተኞች ከላይ ያለው የኛ ነው፣ ከኛ አይጀመርም አሉ። የሚካኤልን ከሥር ማውጣትማ የማይታሰብ ነው፤ ዛሬ በዓሉ ነው። አንዱ ሰውዬ አንዲት ጥቁር ድንጋይ እየዳበሰ እቺን ከወንዝ ያመጣኋት እኔ ነኝ አለኝ። የመመሪያ ዕውቀቴ ይህን ጉዳይ አያውቀውም። ሁላችንም ዞር ብለን ቄስ ይግዛውን አየን።

ቄስ ይግዛው ጢማቸውን እያሻሹ አስፋልቱን ወደ ላይና ወደ ታች ተመለከቱ። ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ብሬከሩ ልጆቹ የሚሄዱት በአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ነው፤ ዳሩ ጭቃ ስለሆነ ሌላ መሄጃ የላቸውም።

«የማርያምም የገብርኤልም ድንጋይ አይጣልም» አሉ። «ለልጆቹ መሄጃ ይነጠፋል። የማርያም በቀኝ፣ የገብርኤል በግራ።»

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ፍጥነት በሕይወቴ አላየሁም። ሁለት ሰዎች ቀይ ጨርቅ እያውለበለቡ መኪና አቆሙ፤ ሌላው በድጅኖ ፈነቀለ፣ በባሬላ ተሸከመ፣ ነጠፈ። የሁለቱ ማኅበር ሰዎች የማን መስመር ቀድሞ በሩ ይደርሳል እያሉ ተፎካከሩ፤ ዳኛ አድርገውኝ ሁለቱም እኩል ደረሱ ብዬ ሁለቱንም አስቀየምኳቸው። እኔም ሸሚዜን ሰብስቤ ድንጋይ አቀበልኩ። አመሻሹ ላይ ደግሜ ለካሁ፤ በልኩ ሆነ። መምህራኑ ለክፍሎቹ ግድግዳ የተገዛውን ኖራ አውጥተው ጉብታውን በነጭ መስመር ቀቡት፤ እውነተኛው ምልክት እስኪመጣ ደግሞ በቆርቆሮ ላይ «ልጆች አሉ፣ ቀስ» ብለው ጽፈው ከሁለቱም ወገን ራቅ አድርገው አቆሙ። ፈቃዱን በእጄ ጽፌ ፈረምኩ። ከዚያ በመጨረሻው ሚኒባስ ወደ ማርቆስ ተመለስኩ።

ረቡዕ ጠዋት፣ መልስ ጉዞ

ማርቆስ መናኸሪያ ውስጥ ያገኘሁት አውቶቡስ የባዩ ነው። ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጥኩና ማንም ሳያዘኝ ቀበቶዬን አሰርኩ። አምበርን ካለፍን በኋላ ባዩ ትከሻው ሲኮማተር፣ መሪውን ጠበቅ ሲያደርግ ከኋላ አየሁት። ከዚያ የቆርቆሮው ምልክት ታየ፤ ቀጥሎ ነጩ መስመር። ፍሬን ያዘ። ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ወደ ትምህርት ቤት ሊሻገሩ ጠርዙ ላይ ተሰልፈዋል። ትርንጎ ከፊት ነበረች። እጇን ወደ ላይ አነሳች።

ባዩ አቆመ። ሙሉ አውቶቡስ፣ ስድሳ የሚሆን ሰው፣ ለአንዲት ልጅ እጅ ቆሞ ጠበቀ። ተሻግረው በድንጋይ መሄጃቸው ወደ በሩ ሄዱ፤ ትርንጎ የመጨረሻዋን ሕፃን እስክታሳልፍ መሀል ላይ ቆማ ነበር። ደስታዬን መቋቋም አቃተኝና መሐረብ ፈለግኩ። ከዚያ አውቶቡሱ ጉብታውን ቀስ ብሎ ወጥቶ ወረደ፤ ከሥሩ ምንም አልተፋቀም።

«መጀመሪያውኑ እንዲህ ቢሠሩት ምን ነበረበት» አለ ባዩ፣ ቅር እንደተሰኘ ሰው። የሚሳደብበት ነገር አጥቶ ይመስለኛል። ያ ዝም ብሎ የሚያየው የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ እኔ መሆኔን ያን ጊዜ ነገርኩት። በመስታወቱ ዓይኔን አየኝ፤ ደጀን ስንደርስ ግን የምሳዬን ሒሳብ ከፍሎ አገኘሁት። ራሱም ዱለት አዝዞ በላ።

አዲስ አበባ የገባሁት ሊመሽ ሲል ነው። ሻንጣዬ ላይ አያ ሽባባው የሰጡኝ ማር ተጨምሯል፤ ትከሻዬ ከድንጋዩ ሥራ የተነሳ ያመኛል። ቤቴ ከመንገዱ ማዶ ይታየኛል፣ አካፋዩም እንደ ወትሮው ዝቅተኛ ነው። እግሬ በራሱ ጊዜ ወደዚያ ሲያመራ ያዝኩት። ዞርኩና የድልድዩን ደረጃ እየቆጠርኩ መውጣት ጀመርኩ። መሀል ላይ አረፍ ብዬ ተነፈስኩ፤ መኪናው ከሥሬ ይጎርፋል፣ አንድ ሰውዬ ሻንጣ ተሸክሞ በአካፋዩ ላይ ሲዘል ከላይ አየሁትና እኔ ራሴ የሞትኩ ያህል ደነገጥኩ። አሥራ ስድስት ዓመት እንዲያ ነበር የምመስለው። ለደብዳቤ የምሮጥ ሰው ሕጉ እኔንም እንደሚያገኘኝ ለማወቅ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ሄጄ መመለስ ነበረብኝ።

ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ለአያ ሽባባው ደወልኩ። በሰላም መግባቴን ነገርኳቸውና፣

«ለትርንጎ ይንገሩልኝ፤ ሃያ አይደለም፣ ሠላሳ ስምንት ነው» አልኳቸው።

ምኑ እንደሆነ አልገባቸውም። እሷ ታውቀዋለች አልኩ። ስልኩን ከጆሯቸው ሲያርቁ፣ የልጅቱ ሳቅ ከሩቅ ሲመጣ ሰማሁ።

«ዛሬ ገና ነው የወጡት? ትላለች» አሉኝ።

«አዎ በሏት» አልኩ። «ዛሬ ገና ነው።»